ከከርነሉ ጋር ያልገጠመው ፐርፍ

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። በዚያ ሰሞን ሰበታ ውስጥ ልጃቸውን የቀበሩ አባቶች አሉ፤ እኔ የማወራው ስለ ላፕቶፕ ነው። ንዴቱ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። መምህራችን ለላቦራቶሪው አንድ ተማሪ ረዳት ሊመርጥ ፈተና ሰጠን። ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ከርነሉ፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ጊዜውን የት እንደሚያጠፋ በፐርፍ ለክተን እስከ ሰኞ እንድናመጣ ነበር። ፐርፍ በጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ እየጻፉ የሚያሠሩት መለኪያ ነው። ያንን ቦታ ከምንም ነገር በላይ ፈልጌው ነበር።

መምህሩ «ማሽናችሁን አድሱ» ማለት ስለሚያበዛ፣ ዓርብ ግቢ ውስጥ ከርነሉን አድሼ ቤተሰቦቼ ጋ ሰበታ ገባሁ። ቅዳሜ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞችና እርሻዎች ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ ተነሣ። መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፤ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ፐርፍን ሳዘው እምቢ አለ። የነበረኝ ለአሮጌው ከርነል የተሠራው ነው፤ ለአዲሱ የሚሆነውን ደግሞ ማውረድ አልችልም።

ደወልኩለት።

«መምህር፣ መንገድ ተዘግቷል። ኢንተርኔትም የለም።»

«እናንተ ሰበታዎችና ቡራዩዎች መቼም ምክንያት አታጡም!»

«ተኩስ አለ እኮ!»

«ሰኞ ብያለሁ።» ዘጋው።

ፉሪ በኩል ያለው እርሻቸው ፕላኑ ውስጥ የገባባቸው ጎረቤታችን፣ «ኦቦ» እያልኩ የማከብራቸው ገበሬ፣ ጩኸቴን ሰምተው ገቡ።

«አካም ጅርታ፣ ደህና ነህ? ከማን ጋር ነው የምትጣላው?»

«ማሽኑ ጊዜውን የት እንደሚያጠፋ ልለካ ብዬ ነው፣ ኦቦ።»

«እነሱ መሬቴን ይለካሉ፣ አንተ ሳጥን ትለካለህ። ለኪ በዛብን!»

መሳቅ አልቻልኩም። ላፕቶፑን አጥፍቼ ሳስነሳ ግን አሮጌው ከርነል በማስነሻው ምርጫ ዝርዝር ውስጥ እንዳለ አየሁ፤ እድሳቱ አላጠፋውም ነበር። በእሱ ገባሁና ፐርፍ ሠራ። ዲስኩን በይለፍ ቃል ቆልፌው ስለነበር፣ ከርነሉ አብዛኛውን ጊዜውን የሚጨርሰው የሚጻፈውን ሁሉ በመመስጠር ነበር።

መንገዱ የተከፈተው ሰኞ ካለፈ በኋላ ነው። ወዲያው ውጤቱን ይዤ ሄድኩ።

«ቦታው ተሰጥቷል» አለኝ መምህሩ።

«ቢያንስ ይዩት!»

ስክሪኑን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ከሱሉልታና ከቡራዩ ከመጡና እንደ እኔ መንገድ ከተዘጋባቸው ሁለት ልጆች ጋር ለትምህርት ክፍሉ አቤት አልን። ኃላፊው እንድንቀመጥ እንኳ ሳይጋብዘን «ቀኑ ለሁሉም እኩል ነው» አለን። አቤቱታችን ውድቅ የሆነው ጥር 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ማስተር ፕላኑ ራሱ ተሰርዟል ከተባለ ከቀናት በኋላ ነው።