በሬው ሲጠግብ የምትዘራው ኩብራ

ኦቦ ሙሜ በቀላሉ የሚደነቁ ሰው አልነበሩም። ከአሰበ ተፈሪ በላይ ባለው ዳገት ላይ ተወልደው፣ እዚያው ጫታቸውን ተክለው፣ ማሽላቸውን ዘርተው፣ በሰው እየቀለዱ ያረጁ ናቸው። ከገበያ ሲመለሱ «ከተማው እንዴት ዋለ?» ቢሏቸው፣ «ያው ነው፤ ሰው ያወራል፣ አህያ ይሸከማል» ይላሉ፤ ሌላ ወሬ የላቸውም። እንዲህ ያሉት ሰው ናቸው እንግዲህ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በአንዲት ባሏ በሞተባት ሴት ማሳ ዳር ቆመው እጃቸውን አፋቸው ላይ የጫኑት።

ሴትየዋ ጎረቤታቸው ኩብራ ናት። ባሏ ዓሊዩ ቆላ ወርዶ በያዘው ወባ ሞተ፤ ለእሷ የቀራት አንድ ጥማድ የማይሞላ የዳገት መሬትና ዳለቻ የሚባል አንድ ግራጫ ወይፈን ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ ዓሊዩ በሕይወት ሳለ ዳለቻን ከኦቦ ሙሜ በሬ ከቡሬ ጋር አቀናጅቶ፣ ሁለቱ ቤቶች በየተራ ያርሱ ነበር። ቡሬም የኦቦ ሙሜ ብቸኛ በሬ ነበርና አንዱ ከጎደለ ሁለቱም ቤት ጦሙን ያድራል።

በሰባ ስድስት መጋቢት የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ የሟቹ ወንድም በክሪ ተነሣ። «ሴት ብቻዋን በሬ አትቀልብም። ወይፈኑ እኔ ዘንድ ይደር፤ መሬቷንም እኔው ልረስላት» አለ። «ልረስላት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ የገባ እርፍ ተመልሶ አይወጣም።

ኦቦ ሙሜ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን የከሳ በሬ ከቡሬ ጎን ተጠምዶ ቀንበሩ ሲያጋድል ታያቸው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳትጥል» ብለው ጀመሩና ሰዉን አሳቁት። ከዚያ ከማኅበሩ ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩና ፈረዱ። «አንድ ዓመት ቀጠሮ ይሰጣት። የመጪው መጋቢት እርሻ ሲጀመር ዳለቻ ተጠምዶ መሬቷን ካረሰ፣ በሬውም መሬቱም የእሷ ነው። ካልሆነ ለበክሪ።»

ኩብራ ጥጓን እንደያዘች፣ «እሺ፣ ኦቦ ሙሜ። ብቻ ያን ቀን እርስዎ ራስዎ መጥተው ይዩ» አለች።

በዚያ አገር በሬ ለግጦሽ አይለቀቅም፤ የሚለቀቅበት ሜዳ ከየት መጥቶ! ደጅ ታስሮ እንደ እንግዳ ይቀርብለታል፤ ቅጠሉን እየጠቀለሉ በእጅ ያጎርሱታል። ሁሉም ገበሬ ማሽላውን አብዝቶ ይዘራና ሲበቅል እየነቀለ ለበሬው ይሰጣል። ይህን ኦቦ ሙሜም ያደርጋሉ። ኩብራ ግን እዚያ ላይ አላቆመችም።

ኦቦ ሙሜ መጀመሪያ በአጥር በኩል ያዩ የነበረው ለቀልድ ያህል ነው። ማሽላዋንና በቆሎዋን እንደማንኛውም ሰው ጥቅጥቅ አድርጋ ዘራች። ሰኔ ላይ የነቀለችውን ለዳለቻ አጎረሰች። በተነቀለው ክፍተት ቦሎቄ አስገባች፤ ፍሬው ለእሷ፣ ሐረጉና ገለባው ለበሬው። በነሐሴ የማሽላውን የታች ቅጠል ሸለቀቀች። በቆሎው እሸት ሳለ ቆርጣ በተነሣበት ቦታ ደግሞ ከግብርና ጽሕፈት ቤት የሰጧትን አጃና የከብት አተር ቀላቅላ በተነች። በእርከኑ ጠርዝ ላይ የዝሆን ሣር ቆሟል። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይገባል፤ መሬቷ ራቁቱን የዋለበትን ቀን ኦቦ ሙሜ አላዩም። ቀልዳቸው ቀስ በቀስ እየቀነሰ መጣ፤ እሳቸው ግን ይህን ለራሳቸውም አላመኑም።

አንድ ቀን አላስችል አላቸውና ጠየቋት። «አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ የምትዘሪው መቼ ሊበላ ነው?»

«ዛሬ የተዘራ ዛሬ አይበላም፣ ኦቦ ሙሜ። ለኅዳሩ አሁን ካልዘራሁ በኅዳር ምን አጎርሰዋለሁ? በሬ ከራበው በኋላ ቢዘሩለት የበቀለው ሳይደርስለት ይሞታል። የሚዘራለት ጠግቦ ሳለ ነው።»

«ወላሂ፣ አንቺ በሬ ሳይሆን ንጉሥ ነው የምትቀልቢው» ብለው ሄዱ። ነገሩ ግን ከጆሯቸው አልወጣም።

ክረምቱ ያን ዓመት ከዳ። ዝናቡ ሐምሌ ላይ ተቋረጠና ማሽላው ሳያፈራ ቀረ። ግን ፍሬ ባይኖረውም አገዳና ቅጠል ነበረው፤ በመስከረም ሰው እያዘነ ከብቱ ጠግቦ አደረ። ቡሬም ጎኑ ሞልቶ ያመነዥካል። በዚያው ሰሞን ኩብራ ከመሬቷ ግርጌ፣ ከምንጩ ሥር ያለውን ረግረግ ስትቆፍር ኦቦ ሙሜ አገኟት። ዓሊዩ ማሽላው እየበሰበሰበት የተወው ቦታ ነው። የስኳር ድንች ሐረግ እየቆራረጠች ትተክላለች። እላይ በጓሮዋም ሌላ መደብ ስኳር ድንች አላት።

«ይሄ ደግሞ ለማነው? ዳለቻ ሁለት ሆድ አለው እንዴ?» አሏት።

«የለውም፤ አንድ ሆድ ነው ያለው» ብላ ሳቀችና መትከሏን ቀጠለች።

ታኅሣሥ ላይ አገዳው አለቀ። ጥር ሲገባ ተራራው አመድ መሰለ። ሰዉ የጎጆውን ክዳን ሣር እየመዘዘ ለከብት መስጠት ጀመረ። የቡሬ የጎን አጥንት ከሩቅ ይቆጠር ጀመር፤ ከተኛበት ለማንሣት ኦቦ ሙሜ ጭራውን ይዘው ማገዝ ነበረባቸው። የዳለቻ ጀርባ ግን ያብረቀርቃል። አጃውን በልቶ ሲጨርስ ወደ ገለባው፣ ከገለባው ወደ ጓሮው ሐረግ አልፏል።

ኦቦ ሙሜ ሦስት ቀን አስበው ቆረጡ። ቡሬ ሳይሞት አሰበ ተፈሪ ወስደው ለሥጋ ሊሸጡት ነው። ያ ማለት ደግሞ ዳለቻ በመጋቢት አጣማጅ የለውም፤ አጣማጅ ከሌለው አያርስም፤ ካላረሰ የኩብራ ነገር አለቀ። ቀጠሮውን የሰጡት እሳቸው፤ የሚያፈርሱትም እሳቸው ሊሆኑ ነው። ይህን ሊነግሯት ወደ ደጇ ሄዱ። እንዲያ አፍረው አያውቁም።

«ኩብራ፣ ይቅር በይኝ። ቡሬን ነገ አወርደዋለሁ» አሏት።

እሷ አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችምም። ማጭዷን ከግድግዳው ጎን አነሣች። «ይከተሉኝ፣ ኦቦ ሙሜ» ብላ ወደ ምንጩ ወረደች።

ከዳገቱ እጥፋት በስተጀርባ ስለሆነ ከላይ አይታይም። ኦቦ ሙሜ ሲደርሱ አገሩ ሁሉ በነደደበት በዚያ ጥር፣ የስኳር ድንቹ ሐረግ መሬቱን ሸፍኖ፣ ቅጠሉ ጤዛ ይዞ፣ ረግረጉ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኖ አገኙት። አንድ ቅጠል አልተነካም። እላይ ዳለቻ ሲበላ፣ እሷም የድንቹን ሥር ቀቅላ ስትውል፣ ከዚህ ቦታ አንድ እፍኝ አላጨደችም።

«ይሄ የቡሬ ነው» አለች።

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «የቡሬ? መቼ...» አሉ። መቼ እንደተተከለ ራሳቸው ቆመው አይተዋል። ቡሬ ጎኑ ሞልቶ ሲያመነዥክ፣ እሳቸው ስለ ሁለት ሆድ ሲቀልዱ ነው።

«ዳለቻ ብቻውን አያርስማ» አለች ኩብራ እያጎነበሰች። «እርስዎ ለቡሬ የበጋውን እንደማይዘሩለት አየሁ። ልንገርዎት ብዬ ነበር፤ ይስቁብኝ ነበር እንጂ መቼ ይሰሙኛል?»

እውነቷን ነው። ኦቦ ሙሜ ያን ቀን ከእሷ ጋር ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ፣ በዚህች ቀጭን ሴት ራስ ውስጥ ዓመቱ በሙሉ፣ የእሳቸው በሬ ጭምር፣ እንዴት እንደተቀመጠ ማሰብ ያስፈራቸው ነበር። በዕድሜያቸው ዝናብን፣ አንበጣን፣ መንግሥትን ፈርተዋል። ጎረቤት አክብረው ሲፈሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ትንሽ ጣል አደረገ። ሽማግሌዎቹም በክሪም መጡ። ዳለቻና ቡሬ ተጠመዱ፤ ቀንበሩ ወደ የትም ሳያጋድል መሬቷን ከላይ እስከ ታች አረሱ። በክሪ አፈር እያየ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ፍርዱን እንዲናገሩ ወደ ኦቦ ሙሜ ዞሩ።

«እኔን አትጠይቁኝ፤ የእኔም በሬ የከረመው በእሷ ማጭድ ነው» አሉ። በክሪ ደህና ዋሉ ሳይል ሄደ።

ሰዉ ሲበተን ኦቦ ሙሜ ቀሩ። ቆባቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉ። «ኩብራ፣ ገላቶሚ፤ አመሰግንሻለሁ። ለመስከረም ከዚያ ሐረግ ትንሽ ትሰጪኛለሽ? እኔም ልትከል።»

ኩብራ ቀና ብላ ቡሬን አየችው። በእርሻው ዳር ቆሞ ዓይኑን ከድኖ ያመነዥካል።

«ለምን መስከረምን ይጠብቃሉ?» አለች። «ቡሬ ዛሬ ጠግቦ የለም እንዴ?»