በነነዌ ጾም የመጣ ዓሣ

ዛሬ ረፋድ ላይ ጎረቤታችን አሪየት ከባሮ ወንዝ የወጣ ትልቅ ዓሣ አንጠልጥላ በራችን ላይ ቆመች።

"ጾም ገባ አላችሁ፣ ሥጋ የለም። ዓሣ አመጣሁ!"

ነርሷ ባለቤቴ ባለፈው ወር የአሪየትን ልጅ አስታምማለች፤ ዓሣው የምስጋና ነው። ግን ነነዌ ዛሬ ገባ፣ በእኛ ቤት ደግሞ ዓሣም ይጾማል። (ለምን እንደሚጾም እኔም አጥርቼ አላውቅም።)

ባለቤቴ ላለማስቀየም ብዙ አመነታች። "እህቴ፣ እስከ ሐሙስ ዓሣም አንበላም" አለቻት በመጨረሻ።

አሪየት ሳቀች። "ዮናስ ዓሣ ሆድ ውስጥ ሦስት ቀን ቆየ አይደል? አሁን ደግሞ ዓሣው ይጠብቃችሁ!"

እዚያው ሰንጥቃ፣ ጨው ነስንሳ አጥራችን ላይ አሰጣችው። ሐሙስ ምሳ አብረን እንበላለን። እስከዚያ ድመት የማባረሩ ሥራ የእኔ ሆኗል።

እናንተስ፣ በጾም ቀን እንዲህ ያለ ስጦታ ሲመጣላችሁ ምን ትላላችሁ?