አባባ የሳላት የእንግሊዝ ከተማ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። በዚያ የአብዮት ዘመን ልጅ የነበረ ሁሉ ከዚህ የባሰ አይቷል፤ በእኛው ሰፈር እንኳ ልጆቻቸውን በአንድ ጀምበር ያጡ እናቶች ነበሩ። የእኔ ታሪክ አንድ ወረቀት ላይ ስለተሳለች ትንሽ ከተማ ነው። ዘግይቼም ቢሆን ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የእንግሊዝ ገጠር ፎቶግራፎች ያሉበት መጽሐፍ ስገልጥ፣ አንድ የድንጋይ ድልድይ አየሁና መጽሐፉን ቶሎ ዘጋሁት። ማንም አላየኝም። ቢሆንም ወደ በሩ ዞሬ ነበር። ስለዚህ ቢያንስ ከመጀመሪያው አንስቼ በሥርዓት ልጻፈው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነው። እኔ ሳልወለድ በፊት ለሥልጠና እንግሊዝ አገር ተልኮ፣ በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ሚሲስ ሆልት ከሚባሉ ባልቴት ቤት ክፍል ተከራይቶ ለአሥር ወር ኖሯል። የከተማዋ ስም ለምላሴ ስለሚከብደኝ «የአባባ ከተማ» እላት ነበር። ከሥራ ሲመለስ ኮቱ ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል። በረንዳው ላይ ቁጭ ሲል እግሩ ሥር እቀመጥና «ስለ ከተማህ ንገረኝ» እለዋለሁ።

ከተማዋ በጥንት ዘመን የበግ ፀጉር ገበያ ነበረች። ነጋዴዎቿ በሱፍ ከብረው ማማው ከሩቅ የሚታይ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ቀጥሎ ወረርሽኝ ገባ። የታመመ ሰው ያለበትን ቤት ሰዎቹ ውስጥ እያሉ ከውጭ ይዘጉትና በሩ ላይ በቀይ ቀለም የመስቀል ምልክት ያደርጉበት ነበር። ይህን ሲነግረኝ ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የሱፉን ሥራ የትልልቅ ከተሞች ፋብሪካዎች ወሰዱት። ባቡር መጣ፤ ባቡሩም ቀረ።

«ታዲያ ባቡር ጣቢያው ምን ሆነ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሰው ይኖርበታላ! ቲኬት በሚቆረጥበት ክፍል አልጋ ዘርግተው ይተኛሉ።»

በሳቅ ሞትን። አባባ እንደሚለኝ አሁን በከተማዋ አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ ሥጋ ቤትና አንዲት ሴት ብቻዋን የምትሠራበት ፖስታ ቤት አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያ ይቆማል፤ አውቶቡስ በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ወጣቱ ወደ ትልቅ ከተማ ይሄዳል፤ ሽማግሌው ይቀራል። ይህን ሁሉ ሚሲስ ሆልት በደብዳቤ ይጽፉለት ነበር፤ የትኛው ሱቅ እንደተዘጋ፣ ማን እንደሞተ፣ ወንዙ ሞልቶ እንደሆነ። የዚያችን ከተማ ሙታን ከራሴ ዘመዶች በላይ አውቃቸው ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አባባ የከተማዋን ካርታ በሲሚንቶ ወረቀት ላይ ሳለ። ስለ ገጠር ከተሞች አመሠራረት ለተማሪዎቹ ሊያስተምርበት ነበር። አርብ ዕለት ጨርሶ ጠቀለለውና ቁምሳጥኑ ላይ አስቀመጠው። ለእማዬም «ያላዩትን አገር እንዴት አድርጌ ላሳያቸው? ስሙ ራሱ አይያዝላቸውም» ሲላት ሰማሁ።

እኔ ደግሞ አባባን ከማስደሰት በላይ የምፈልገው ነገር አልነበረም። ቅዳሜ እሱ ቀበሌ ስብሰባ ሲሄድ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ ካርታውን አወረድኩና በቀይ እርሳሱ የእኛን ሰፈር ስሞች ጻፍኩበት፤ ተማሪዎቹ በቀላሉ እንዲገባቸው። ማዘጋጃ ቤቱ ላይ «ቀበሌ» አልኩ። ከገበያው ወደ ትልቁ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ «ወደ አየር ጤና»፣ በሌላኛው ላይ «ወደ አስኮ»። የወረርሽኙን ቤቶች አባባ በእርሳስ በስሱ ነበር ያመለከታቸው፤ እኔ መስቀሎቹን አድምቄ በቀይ አቀለምኳቸው። ከመስቀሎቹ አንዱ ላረፈበት፣ ድልድዩ አጠገብ ላለው ቤት የሚሆን ስም ሳጣ ጋሽ ተካን አስታወስኩ። የጋሽ ተካ ቤት የሰፈራችን ድልድይ አጠገብ ነበር። ያኔ አብዮት ጠባቂ ሆኖ ጠመንጃ ይያዝ እንጂ፣ ቀድሞ ጫማ ሰፊ ነበር፤ የተበጠሰ ጫማዬን ሁሉ በነፃ ነው የሰፋልኝ። «የጋሽ ተካ ቤት» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። እሑድ ጠዋት አባባን ላስደንቀው ብዬ ወረቀቱን አጣጥፌ ከእሱ ፍራሽ ሥር ደበቅኩት።

አባባ ከስብሰባው ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። ነገ ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ ተብሏል አለ። በማግስቱ መንገዱ ጭር አለ፤ ዶሮዎች እንኳ ሜዳውን ለብቻቸው አግኝተው ግራ የገባቸው ይመስሉ ነበር። የጎረቤት በር ሲንኳኳ ሰማን። ቀጥሎ ሌላ በር፣ ከዚያ ደግሞ ቀረብ ያለው። እማዬ የተጣጠፈ ልብስ እንደገና ታጣጥፋለች። በመጨረሻ የእኛ ተንኳኳ።

ሦስት ነበሩ፤ ጋሽ ተካና ሁለት ወጣቶች። ጋሽ ተካ «እንዴት አደርሽ ሚጢጢ» ሲለኝ ደስ አለኝ። አንደኛው ወጣት ፍራሹን ገለበጠው። ወረቀቱን ሲዘረጋው እኔ አባባን ነበር የማየው። ካርታውን እንደዚያ ሆኖ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር። ዐይኖቹ ከቀዩ ጽሑፍ ወደ እኔ መጥተው ወዲያው ተመለሱ።

ወጣቱ ሳቀ። «ጋሽ ተካ፣ ቤትህ እዚህ አለ! ይሄ ደግሞ የት ነው?»

«እንግሊዝ አገር ያለች ከተማ ናት» አለ አባባ። «ለትምህርት ነው የሳልኩት።»

«እንግሊዝ? ጋሽ ተካ፣ ውጭ አገር ትርፍ ቤት አለህና ሳታስመዘግብ ዝም አልከን?»

ሁለቱም ወጣቶች ተንከተከቱ። ጋሽ ተካ አልሳቀም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ብዙ አየው።

«መምህር፣ መስቀሉ ምንድን ነው?»

«የበሽተኛ ቤት ምልክት ነው። በድሮ ጊዜ ወረርሽኝ…»

«እኔ ታምሜያለሁ?»

ጋሽ ተካ እስከዚያ ቀን ድረስ አባባን አንቱ ነበር የሚለው። «ማነው የጻፈው? አንተ ነህ?» አለው።

አፌን ከፈትኩ። እማዬ ትከሻዬን ጨመቀችው። አባባ ቀደመኝ፤ «እኔ ነኝ» አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ በሚያዝበት ድምፅ፣ «ትዕግስት፣ ሂጂ ውሃ አምጪልኝ» አለኝ። ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ብርጭቆውን እንዳይፈስብኝ በሁለት እጄ ይዤ ስመለስ ቤት ውስጥ እማዬ ብቻዋን ቆማ ነበር።

መጀመሪያ ቀበሌ፣ ቀጥሎ የቀበሌዎቹ የበላይ ወደሆነው ከፍተኛ፣ ከዚያም ወደ ትልቁ እስር ቤት ወሰዱት። እማዬ ስንቅ ታደርሳለች። የምግቡ ዕቃ ባዶውን ከተመለሰ ሰውየው በሕይወት አለ ማለት ነው። «ከእንግዲህ አታምጡ» የተባሉ ሴቶች ከዚያ በር እንዴት እንደሚመለሱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ እማዬ ከሩቅ ስትመጣ ፊቷን ሳይሆን እጇን ነበር የማየው። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ተላላኪ የሚሲስ ሆልትን ደብዳቤ ይዞ መጣ። እማዬ ሳትከፍተው ከሰል ምድጃው ውስጥ ከተተችው።

ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ተካ ድልድዩ ላይ አገኘኝ።

«ሚጢጢ፣ ጎበዝ ተማሪ ነሽ አሉ። የእጅ ጽሑፍሽስ እንዴት ነው?»

ሮጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽሕፈቴን ለመቀየር ብዙ ደከምኩ፤ ፊደሎቼ ወደ ግራ ማዘንበል የጀመሩት ያኔ ነው። መምህሬ ለምን እንዳበላሸሁት ስትጠይቀኝ እርሳሱ ነው አልኳት።

ዩኒቨርሲቲ መግባቴን የሰማን ዕለት ለአባባ ተናዘዝኩ። ጋዜጣውን አስቀመጠ።

«ያንቺ እጅ መሆኑን እንዴት አላውቅም? ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ። ተካም ያውቅ ነበር» አለኝ። «ካርታውን የግድያ ዒላማ ማሳያ ባደረገው ክስ ላይ ‹በራሱ እጅ የጻፈው› የሚለውን የፈረመው እሱ ነው።»

«እያወቀ?»

«እያወቀ። ‹የልጅ ጽሑፍ ነው› ቢል ወይ እኔን ይለቁኝ ነበር፣ ወይ አንቺን ያስመጡሽ ነበር። የትኛውን አስቦ እንደፈረመ እሱ ነው የሚያውቀው። ስንት ሌሊት አሰብኩት መሰለሽ።»

ጋሽ ተካ መንግሥት ሲለወጥ ከሰፈር ጠፍቷል፤ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። አሁን 18 ማዞሪያ ላይ የታክሲ ረዳቶች እየተጯጯሁ ሰው ይጠራሉ፤ ልጆች አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ቤትና መንገድ ይስላሉ፤ እናቶቻቸውም ወጥተው አያጠፉባቸውም። ቆሜ አያቸዋለሁ፤ ደስ ይለኛል፤ ልቤ ግን እስኪጨርሱ አይረጋም። አባባ ዛሬም ያስተምራል። ስለዚያች ከተማ ግን አያነሳም፤ እኔም «ንገረኝ» ብዬው አላውቅም። ሚሲስ ሆልት ይኑሩ ይሙቱ አናውቅም።

አባባ ግን ተመለሰልን። የአብዮት በዓል ሊደርስ ሲል፣ ከእማዬ ጋር ስንቅ ይዘን ተሰልፈን ሳለ ስሙ ተጠራ። ትንሿ በር ተከፈተችና ከስቶ፣ ፀጉሩ ነጥቶ፣ ፀሐዩን በእጁ እየከለለ ወጣ። እማዬ አላወቀችውም፤ እኔ ነኝ ቀድሜ የሮጥኩት። ዕለቱ ጳጉሜን 4 ቀን 1974 ዓ.ም. ነበር።