ከመጠይቁ ውጭ የቀረው ማሳ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ባለሙያ ደወለችልኝ። የአገሪቱ የሳይንስና የምርምር ፖሊሲ ምን ውጤት እንዳመጣ ልንገመግም ነው፤ መጠይቁን አይተው አስተያየት ይስጡን አለችኝ። የመጀመሪያውን ገጽ እንዳነበብኩ ሐሳቤ ደብረ ኤልያስ ገባ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እንዲህ ላለ ግምገማ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ወደ ጎጃም ተላክሁ። የአባይን በረሃ ወጥተን ደጀን ላይ ቀዝቃዛው አየር በመስኮት ሲገባ፣ አገሪቱን ልመዝን የመጣሁ ያህል ተሰማኝ። በዚያ ዕድሜ መጠይቅ የያዘ ሁሉ ዳኛ ይመስለዋል።

ወሩ ጥቅምት ነው። ከደብረ ኤልያስ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ እማማ ደብሬ የሚባሉ ገበሬ ቤት ደረስኩ። የአካባቢው አፈር አሲዳማ ስለሆነ ተመራማሪዎች ኖራ እንዲበተንበት መክረው ነበር። የእኔ ሥራ ምክሩ መድረስ አለመድረሱን ማጣራት ነው።

«እማማ፣ ኖራውን እንደተባለው ተጠቅመዋል?»

«የለም፣ ልጄ።»

«የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ልነሳ ስል፣ «ለምን አትዪኝም?» አሉ።

መጠይቁ ለምን አይልም ነበር። ቢሆንም ተከትያቸው ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የገብስ ማሳ ሄድኩ። ማሳው በድንጋይ አራት ቦታ ተከፍሏል። አንዱ ኖራ ብቻ፣ አንዱ አመድ፣ አንዱ ግማሽ ኖራ ከፍግ ጋር ተበትኖበታል። አራተኛው ምንም አልነካውም።

«ያን ሁሉ ኖራ በአንዲት አህያ አላመጣውም። ግማሹ ቢበቃስ ብዬ ሞከርኩት» አሉኝ።

«አራተኛውንስ ለምን እንዲሁ ተዉት?»

«እሱ ከሌለ የሌሎቹን ለውጥ በምን አውቃለሁ?»

ልቤ ዘለለ። ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት የተማርኩት ነገር እፊቴ በቅሎ ቆሟል። ግማሽ ኖራና ፍግ ያገኘው ገብስ ወገቤ ይደርሳል፤ ምንም ያልነካው ከጉልበቴ በታች ነው። እሸቱን በመዳፋቸው አሽተው ሰጡኝ፤ ጣፋጭነቱ አሁንም አፌ ላይ አለ።

በማግስቱ በጭነት መኪና ደብረ ማርቆስ ገብቼ ለቡድን መሪያችን ለአቶ ሰይፉ ነገርኳቸው።

«መልሷ የለም ነው። የለም ተብሎ ይገባል» አሉ።

«እንደዚያ ከላክነው ምርምሩ ከሽፏል ተብሎ ይዘጋል። እባክዎ መጥተው ይዩት» አልኩ።

የመኪናውን ቁልፍ አነሱ። ማሳው ውስጥ ተንበርክከው ዛላውን አንድ በአንድ ሲመለከቱ ቆዩ። ሲነሱ ሱሪያቸው ጭቃ ሆኗል።

«ወደ ያየሻቸው ቤቶች ሁሉ ተመለሺ። ራሳችሁ ምን ሞከራችሁ ብለሽ ጠይቂ» አሉኝ።

የቀሩኝን ሦስት ቀናት ከመንደር መንደር እየሮጥኩ ጨረስኳቸው። አብዛኛው ሰው ምንም አልሞከረም፤ ሁለት ቤት ግን ሌላ ዘዴ አገኘሁ። በታተመው ሪፖርት ውስጥ ለዚህ ሁሉ የተሰጠው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። በቀጣዩ ክረምት ግን ተመራማሪዎች እማማ ደብሬ ዘንድ ሄደው፣ ግማሹን ኖራ ከእሳቸው ጋር ሞከሩት።

ያ ፖሊሲ ሠርቷል አልሠራም ብትሉኝ ዛሬም አፌን ሞልቼ አልመልስም። አንዲት ገበሬ ማንም ሳያዛት የአገር ጥያቄ በጓሮዋ ስትመረምር ማየቴን ሳስብ ግን አሁንም መቀመጥ ያቅተኛል። ለወጣቷ መልሼ ስደውል፣ ስለ መጠይቁ ከመናገሬ በፊት «መስክ ስትወጡ እኔንም ይዛችሁኝ ሂዱ» አልኳት።