በመወጣጫው ልወጣ ነበር

እኔ አየር ላይ ሆኜ «አውርዱኝ!» እላለሁ፣ ሰው ከታች ያጨበጭባል።

ዛሬ ጭሮ ከተማ የተመረቀውን አዳራሽ ከአርክቴክቸር ተማሪዎች ጋር የነደፍነው እኛ አካል ጉዳተኛ ሰዓሊዎች ነን። የዊልቸር መወጣጫው ስፋት የተለካው በዚችው በእኔ ዊልቸር ነው።

ገና ወደ መወጣጫው ስዞር ጎረቤቴ ጋሽ ሙክታር ከጓደኞቻቸው ጋር መጡና ከነዊልቸሬ ብድግ አድርገው በደረጃው ይዘውኝ ወጡ።

«ጋሽ ሙክታር፣ ኧረ ያውርዱኝ! መወጣጫ እኮ አለ!»

«ጀባዱ!» አሉኝ በኦሮምኛ፣ በርቺ ማለታቸው ነው። «አይዞሽ ልጄ! እኛ እያለን ምን በወጣሽ!»

ተማሪዎቹ ደግሞ የፕሮግራሙ አካል መስሏቸው ቪዲዮ ይቀርጻሉ።

እንዲህ የሚወድን ሰው እንዴት ይቆጡታል?

እናንተንስ ሳትጠይቁ ብድግ ያደረጓችሁ አሉ? ምን ብላችሁ አስቆማችኋቸው? ቶሎ ጻፉልኝ። ምርቃቱ አልቋል፤ ጋሽ ሙክታር እጅጌያቸውን ሰብስበው በር ላይ እየጠበቁኝ ነው።