ሁለቱ በሮች ሲከፈቱ

ኤሞስ ሚስቱን ሄስተርን ቀብሮ መምጣቱ ነው፤ እንባ ግን ጠብ አላለውም። ቀባሪው ሁሉ ለሻይ የገባው እሱና ሄስተር እህል ይወቁበት ወደነበረው የድንጋይ ቤት ነው። እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ውስጥ እንዲህ ያለው ቤት ሁሉ ዛሬ ካፌ ሆኗል። ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለት ትልልቅ በሮች መስታወት ገብቶላቸዋል። ድሮ ሁለቱ ተከፍተው ንፋስ ሲያልፍ፣ ባልና ሚስቱ መሃል ቆመው አጃ ያዘሩ ነበር።

«ሁለቱንም ክፈቷቸው» አለ ኤሞስ።

«ውይ ጌታዬ፣ ማሞቂያው በርቷል እኮ!» አለች አስተናጋጇ እየተቅለሰለሰች።

«አባዬ፣ አንድ ቀብር አይበቃንም? ሰዉን በብርድ ልትጨርሰው ነው?» አለች ልጁ ጆአን።

«ከመጣልኝ ብዬ ነው።»

«ምኑ?»

«ልቅሶው።»

ጆአን ተነሳችና አንዱን በር ከፈተች፤ እሱ ሌላውን ከፍቶ ተመለሰ። ንፋሱ ሽው ሲል ሶፍቱ በረረ፣ የጆአን አክስት ኢዲት ባርኔጣዋን ይዛ ተራገመች። ከጣሪያው እንጨት ስንጥቅ የድሮ እብቅ ረገፈና የኤሞስ ሻይ ላይ አረፈ።

«መጣልህ?» አለች ጆአን።

«አልመጣም።»

«ሻዩን ላስቀይርልህ?»

«ተይው» አለና ከነእብቁ ጠጣው።

ጆአን ኮቷን ደርባ አጠገቡ ተቀመጠች። በሮቹን የዘጋ የለም።