የተሰቀለው ወንበር

ጅማ ሳሉ የታወቁ አናጢ የነበሩት ጋሼ ያደታ አሁን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ የዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ሠራተኛ ናቸው። ሚስታቸው በኮቪድ ስትሞት ሰው እንደማይመጣ ተነገራቸው። «ሰው ሞቶ ለቅሶ ሳይደረስ?» ብለው ተቆጡና ሳሎኑን በወንበር ሞሉት። ከስልክ በቀር የመጣ አልነበረም። ወንበሮቹ ግን ወር ሙሉ አልተነሱም።

አንድ ቀን ልጃቸው ሩሃማ፣ ሼከር የሚባሉ የጥንት አሜሪካውያን ምእመናን የሠሩትን ወንበር ሥዕል አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀጭን እግሩን በጣታቸው ተከተሉት።

«የሠራው ሰው እጁ ይባረክ! አንዲት ትርፍ እንጨት የለችበትም። ግን ለምን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት?»

«የሚቀመጥበት ሰው ከሌለ ይሰቅሉታል፣ አባባ። ወለሉ እንዲጠረግ ነው።»

ጋሼ ያደታ መዶሻና ምስማር አውጥተው ወንበሮቹን አንድ በአንድ ሰቀሉ። ሲጨርሱ ባዶው ወለል ላይ ቁጭ ብለው፣ ሚስታቸውን በስሟ እየጠሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ።